«ሽታ አሞኛል» ማለት ብቻ አያዋጣም

ድሬ ውስጥ ኤች አር ቢሮ ገብቶ «ሽታ አሞኛል» ማለት ቀልድ ነው የሚመስለው። እኔን «ታዲያ ምን እናድርግሽ እህቴ» ነው ያሉኝ። ዛሬ ግን በዚያው መሥሪያ ቤት፣ በሌላ ክፍል፣ ደመወዜ ሳይነካ እየሠራሁ ነው። እዚህ እስክደርስ ያየሁትን ሌላ ሰው ከዜሮ ጀምሮ እንዳያየው ብዬ ነው የምጽፈው። አስም ላለባችሁ፣ የቀለም፣ የቲነር፣ የበረኪና፣ የዕጣን ወይም የአቧራ ነገር ትንፋሽ ለሚያሳጥራችሁ፣ ወይም እንዲህ ዓይነት ሰው ቤታችሁ ውስጥ ላለ ይጠቅም ይሆናል።

የምሠራው የቤትና የቢሮ ዕቃ የሚያመርት ድርጅት ውስጥ ነው፣ ሒሳብ ክፍል። ስሙን ተዉት። ቢሮዬን ከቀለም ርጭቱ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነበር፤ እሱም ከላይ ክፍት ነው፣ ለአየር ተብሎ። ድሬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ በግንቦትና በሰኔ መስኮት ዘግቶ መሥራት የማይታሰብ ነው። ሲከፈት ደግሞ ቫርኒሹ ከነቲነሩ ይገባል። የገባውን ቬንትሌተሩ እያዞረ ያድለናል።

ሕመሙ የጀመረኝ በሌሊት ሳል ነው። ቀን ደህና ነኝ። ማታ ራት በልቼ ጋደም ስል ደረቴ ይታፈናል፣ ያፏጫል። ለዚህ ነው ማንም ከሥራዬ ጋር ያላገናኘው። እናቴ «የቬንትሌተር ብርድ ነው» አለች። ፋርማሲ ሽሮፕ ሰጠኝ፣ ክሊኒክ አንቲባዮቲክ ሰጠኝ፣ እንደገና አንቲባዮቲክ። በኋላ እንደተረዳሁት እንጨት ቫርኒሽ ላይ የሚጨመረው ማጠንከሪያ፣ ልጆቹ ሃርድነር የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለው። ከሥራ ለሚመጣ አስም በዓለም ላይ በደንብ ከሚታወቁት መንስኤዎች አንዱ ነው። ክፋቱ ደግሞ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከሰዓታት በኋላ፣ ሰውየው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ሰውነት አንዴ ከተቆጣ ለሌላው ሰው ምንም የማይመስል ትንሽ መጠንም ይበቃዋል።

ነገሩን የፈታው አንድ ጥያቄ ነው። ሐረር ዘመዶቼ ጋ በዓል ልውል ሄጄ ሰነበትኩ፤ ሳሉ ጠፋ። አየሩ ነው ብዬ ደስ አለኝ። የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬ ወርጄ ሥራ በገባሁ ማግስት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያየኝ ሐኪም ጆሮ ሰጥቶ ሰማኝና «እሁድስ እንዴት ነሽ? ዓመት ፈቃድ ስትወጪስ?» አለኝ። ከዚያ በፊት ማንም ይህን አልጠየቀኝም። እናንተም ሐኪም ባይጠይቃችሁ ራሳችሁ ንገሩ። «ያስለኛል» ብቻ አትበሉ። መቼ እንደሚብስ፣ የት እንደሚሻል፣ ሥራ ላይ አጠገባችሁ ምን እንደሚረጭ ወይም እንደሚፈጭ ተናገሩ። ከተቻለ የቀለሙን ወይም የኬሚካሉን ቆርቆሮ ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። እኔ ቆርቆሮውን ፎቶ ባላነሳ ኖሮ ሐኪሙ ስለ ሃርድነር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም።

እሱ ያዘዘልኝ ነገር ለጉዳዬ ሁሉ መሠረት ሆነ። ፒክ ፍሎው ሜትር የምትባል ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ አለች። በኃይል ትነፉባታላችሁ፣ ቁጥር ትሰጣለች። በቀን ቢያንስ 4 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሦስቴ ነፍቶ ትልቁን ቁጥር መጻፍ ነው። በሥራ ቀንም በእረፍት ቀንም፣ ለሳምንታት። ድሬ ላይ አጥቼ ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣኋት። ደብተሬ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ ርጭት መኖር አለመኖሩን ጻፍኩ። ሲሞላ ማንም ሰው አይቶ የሚረዳው ነገር ሆነ፤ በሥራ ቀናት ቁጥሩ ይወርዳል፣ ፈቃድ ስወጣ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። ምርመራው የሚያዋጣው ገና ሥራ ላይ እያላችሁ ነው። ከሥራው ርቃችሁ ካገገማችሁ በኋላ የሳንባ ምርመራ ብትነሱ ውጤቱ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። «ምንም የለሽም» ይሏችኋል፤ ያ ወረቀት ደግሞ ፋይል ውስጥ ገብቶ በኋላ እናንተው ላይ ይመዘዛል። በእረፍት ቀን የተገኘ ጥሩ ውጤት አስም የለም ማለት አይደለም።

ስለ መድኃኒቱ ብዙ አልልም፣ ሐኪማችሁ አለ። ሰማያዊው ፓፍ፣ ሳልቡታሞል፣ ለጊዜው ቧንቧውን ይከፍታል እንጂ ውስጡ ያለውን ቁጣ አያጠፋም። ለእሱ በየቀኑ የሚወሰድ ሌላ ፓፍ አለ። በፓፉ ብቻ መሳብ ካቃታችሁ ግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቀዶ በእሱ መሳብ ይቻላል፤ በጥናትም የተፈተነ ዘዴ ነው። መድኃኒቱ ግን ከሚያነሳባችሁ ነገር ጋር ቁጭ ብላችሁ ብቻውን አያድናችሁም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልግባ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው። መጀመሪያ የተሰጠኝ የሐኪም ማስረጃ «ታካሚዋ ከሽታ እንድትርቅ ይመከራል» ይል ነበር። አንድ መስመር፣ ማኅተም፣ አለቀ። ኤች አሩ አነበበውና «ሽታ የሌለው የት አለ? ቀፊራ ገበያ ነው ወይስ ታይዋን የምንመድብሽ?» አለኝ። (ሁለቱም የድሬ ገበያዎች ናቸው።) ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ተናደድኩ፣ ግን እውነቱን ለመናገር ወረቀቱ ለመሳቅ ይመች ነበር። ማንን ከምን፣ በምን ያህል፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያርቅ አይልም።

ተመልሼ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ሁለተኛው ማስረጃ የበሽታውን ስም ጻፈ፤ አስም። በሥራ ቦታ ለቀለምና ለቲነር ተን ስትጋለጥ የሚባባስ መሆኑን ጻፈ። የትንፋሽ ልኬቷ በሥራ ቀናት እንደሚወርድ ጻፈ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የምችለውን ጻፈ፤ «ከርጭት ክፍሉ ተን ነጻ በሆነ ቦታ መደበኛ የሒሳብ ሥራዋን መሥራት ትችላለች»። መቼ ተመልሳ እንደምትታይም ጻፈ። ሐኪም ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ እነዚህን ነጥቦች በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። አይቀየምም። የእኔው እንዲያውም «ቶሎ ጨረስሽልኝ» ብሎ አመሰገነኝ።

ስለ በሽታው ስም ትንሽ ልጨምር። እንደ እኔ ከቲነሩ በኋላ ሽቶም፣ በረኪናም፣ የባጃጅ ጭስም የማይስማማው ሰው ብዙ ነው። የአጎቴ ልጅ ካናዳ ነው የምትኖረው፤ እዚያ የአካባቢ ነገሮች አለመስማማት የሚባለው ራሱን ችሎ እንደ አካል ጉዳት ይታያል፣ የሀገሪቱ ሰብአዊ መብት ኮሚሽንም በ2007 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጥናት አውጥቷል። ሃሊፋክስ በሚባለው ከተማ ደግሞ ብዙ መሥሪያ ቤትና ሆስፒታል ሽቶ ተቀብታችሁ አትምጡ ይላል። ስትነግረኝ በቅናት አረርኩ። ግን ኬሚካል ሁሉ የማይስማማው ሰው ሕመም በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ራሱን ችሎ የተጻፈ በሽታ አይደለም፤ ሐኪሞችም ገና ይከራከሩበታል። እኛ ጋ በዚህ ስም ቢሮ ብትገቡ ክርክሩ እናንተ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ስም ባለው በሽታ ግቡ። አስም፣ የአፍንጫ አለርጂ፣ ማይግሬን፣ የቆዳ አለርጂ፤ የተመረመረና የተረጋገጠ የትኛውም ቢሆን። የቀረው ሕመማችሁ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። በር የሚከፍተው የቱ ነው ነው ጥያቄው።

ከዚያ ደብዳቤ ጻፍኩ። በቃል የነገርኳቸው ሁሉ እንዳልነገርኳቸው ሆኖ ነበርና። በሁለት ኮፒ አዘጋጅቼ መዝገብ ቤት ገቢ አደረግሁት፣ የእኔ ኮፒ ላይ ቁጥርና ማኅተም አስመታሁ። ግልባጭ ለሠራተኛ ማኅበሩና ለሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴው። (ኮሚቴው በወረቀት ብቻ ነበር ያለው፤ ደብዳቤዬ ሲደርስ አባላቱ አባል መሆናቸውን ያወቁ ይመስለኛል።) «መፍትሔ ይሰጠኝ» ብሎ መጻፍ ኤች አሩን እንደ ሐኪም እንዲያስብ መጠየቅ ነው። እኔ የምፈልገውን ዘርዝሬ ጻፍኩ። ጠረጴዛዬ በመንገድ በኩል ወዳለው ክፍል ይዛወር፤ ካልሆነ የግድግዳው ክፍተት ይደፈንና ርጭቱ ጋ አየር ወደ ውጭ የሚስብ ፋን ይገጠም፤ እሱም ካልሆነ ርጭቱ ከሰዓት ይሁንና እኔ በጠዋት ፈረቃ ልሥራ። ሦስት አማራጭ ስትሰጧቸው «አይቻልም» ለማለት ሦስት ጊዜ ማሰብ አለባቸው።

መልስ በጽሑፍ አልመጣም። በቃል ግን መጣ። መጀመሪያ ማስክ ሰጡኝ፣ ያችን በኮሮና ጊዜ የምናውቃትን ሰማያዊ። አቦ፣ የቲነር ተን በጨርቅ ማስክ አይያዝም። አቧራ የሚይዘው ጠንካራው ማስክም ተን አያስቀርም፤ ለተን ከሰል ያለበት ማጣሪያ የሚገጠምለት ማስክ ነው የሚያስፈልገው፤ እሱን ደግሞ በድሬ ሙቀት ቀኑን ሙሉ አድርጎ ሒሳብ መሥራት አይቻልም። ቀጥሎ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ውጪ አሉኝ። በመጨረሻ አንዱ ኃላፊ በደግነት ቃና «በግል ጉዳይ ለቅቄያለሁ ብለሽ ጻፊ፣ የሥራ ልምድሽን አሳምረን እንሰጥሻለን» አለኝ።

ይህን ወረቀት አትፈርሙ። ከእኔ በፊት አንድ ቀለም የሚረጭ ልጅ ፈርሞ ነበር። ሳሉ ከእኔ የባሰ፣ እጁ የተላላጠ። አዝነውለት ነው የመሰለው። በኋላ ሕክምናው አቅሙን ሲያሳጣው የጉዳት ካሳ ሊጠይቅ ተመለሰ፤ የገዛ ደብዳቤውን አወጡና «በግል ጉዳይ» የሚለውን አሳዩት። አሁን ገንደ ቆሬ አካባቢ ባጃጅ ይነዳል፤ ያገኘኝ ቀን ሁሉ «አልፈረምሽም አይደል?» ይለኛል። እውነት መልቀቅ ከፈለጋችሁ እንኳን ምክንያቱ ጤና መሆኑ ይጻፍ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደህንነትህን ወይም ጤናህን የሚያሰጋ ቅርብ አደጋ መኖሩን አሠሪው ተነግሮት እርምጃ ካልወሰደ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይፈቅዳል። ግን መነገሩን ማስረዳት አለባችሁ፣ መብቱንም በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀማችሁበት ያልፋል። መዝገብ ቤት የተመታችው ማኅተም እዚህ ጋ ነው ዋጋዋ።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ፣ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። አንዱ ተራ የሕመም ፈቃድ ነው። በግል ድርጅት ለምንሠራ፣ የሙከራ ጊዜ ለጨረስን፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። በቀረሁበት ማግስት ማሳወቅና የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ ግዴታ ነው። እኔ ሲብስብኝ ከዚህ ተጠቅሜያለሁ፤ ግን አስም ለዘላለም ያለ ነገር ነው፣ ስድስቱ ወር ያልቃል።

ሌላው በሥራ ምክንያት የሚደርስ ጉዳት ነው። ሕጉ ጉዳት የሚለው በማሽን መቆረጥን ብቻ አይደለም፤ ከሥራው ዓይነት ወይም ከሥራው አካባቢ የሚመጣ በሽታም በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ይባላል። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው ዝርዝር ውስጥ በሥራ ላይ ባሉ አለርጂ አምጪና አስቆጪ ነገሮች የሚመጣ አስም አለ። በእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ በሽታው በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎች ሠንጠረዥ ውስጥ ባይኖር እንኳን ከሥራው የመጣ መሆኑን በማስረጃ ማሳየት ይፈቀዳል። በዚህ መንገድ ከታየ ክፍያው ሌላ ነው፤ ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። የሕክምናና የመድኃኒት ወጪም አሠሪው ላይ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ስትሞሉ «ጉንፋን» ተብሎ እንዲያልፍ አትተዉ፤ ከሥራው ጋር የተያያዘ ከሆነ የሐኪሙ ወረቀት ይናገር። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ የምትተዳደሩበት ሕግ ሌላ ነው፣ ቁጥሮቹም ይለያሉ፤ የመሥሪያ ቤታችሁን የሰው ኃይል ክፍል ሕጉን አውጥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ጡረታውስ? ብዙ ሰው «አስም ካለብሽ ጡረታ ውጪ» ይላል፣ እንደ ዳቦ የሚሸመት ይመስል። በግል ድርጅቶች ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 የጤና ጉድለት ጡረታ አለ፤ በየወሩ የሚከፈለው ግን ቢያንስ 10 ዓመት ላገለገለና ሥራውን ለመሥራት የሚያስፈልገውን የጤና ሁኔታ አለማሟላቱ በሕክምና ማስረጃ ለተረጋገጠ ነው። እኔ ዓመቱ አልሞላልኝም ነበር። እናንተም ከመነሳታችሁ በፊት ከደመወዛችሁ የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ በእርግጥ በስማችሁ ገቢ መደረጉን አጣሩ። እየቆረጡ የማያስገቡ አሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው የታመመ ቀን ነው።

ዋናው መታጠፊያ የሕክምና ቦርዱ ነው፤ አንድ ሰው መሥራት መቻል አለመቻሉን አይተው የሚወስኑ ሐኪሞች ማለት ነው። ቦርዱ ፊት በራሴ ጊዜ መቅረብ አልቻልኩም፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጠየቁኝ። መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ደብዳቤውን «እየታየ ነው» እያለ አቆየው። ድሮ ሠራተኛና ማኅበራዊ የምንለው፣ አሁን ስሙ የተቀያየረው ቢሮ ሄጄ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው አመለከትኩ። ሰውየው መጥቶ ግድግዳውን አየ፣ ቆሞ ጥቂት እንደቆየ ራሱ ማሳል ጀመረ። ደብዳቤው በዚያው ሳምንት ተጻፈ።

ቦርድ ፊት ስትቀርቡ የሚበዛው ጊዜ ጥበቃ ነው፤ የሚጠይቋችሁ ግን አጭር ነው። የታመማችሁ ለመምሰል ብላችሁ አትልበሱ፣ አትጎተቱም። ደብተሩን፣ የምርመራ ውጤቶችን፣ የፈቃድ ወረቀቶችን፣ የቆርቆሮውን ፎቶ በቀን ቅደም ተከተል አስራችሁ ስጡ። እኔ ውሳኔውን ሳነብ አለቀስኩ። «ቋሚ የሥራ ችሎታ ማጣት የለባትም፤ ከቀለምና ከቲነር ተን ርቃ መደበኛ ሥራዋን መሥራት ትችላለች» ይላል። ያ ሁሉ ልፋት፣ በመጨረሻ «ደህና ነሽ» የተባልኩ መሰለኝ።

ያንን ወረቀት ይዤ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ሄድኩ። በእኛ አካባቢ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ እንዲህ ያሉ ማዕከላት አሉት፤ ለጠበቃ አቅም የሌለው ሰው ይስተናገዳል። የተቀበለችኝ ወጣት አነበበችውና ፈገግ አለች። «ይሄ እኮ ያሸነፍሽበት ነው» አለችኝ። መሥራት አትችልም ብለው ሊያሰናብቱሽ አይችሉም፣ ቦርዱ ትችላለች ብሏል። እዚያው ክፍል ተቀመጪ ሊሉሽም አይችሉም፣ ቦርዱ ከተኑ ትራቅ ብሏል። የቀራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ቦታ መቀየር። እኔ ጉዳት ስፈልግ የምችለውን የሚመሰክር ወረቀት ይዤ ነበር የማዝነው።

እሷ ናት የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000ን ያሳየችኝ። እኔ አካል ጉዳተኛ ስባል ዊልቸር ነበር የሚታየኝ። አዋጁ ግን የሚያየው የአካል፣ የአእምሮ ወይም የስሜት ሕዋስ ጉዳት እኩል የሥራ ዕድል መቀነሱን ነው፤ አሠሪው የሥራ ቦታውን፣ መሣሪያውን፣ የሥራ ሰዓቱን እንዲያመቻች ይጠይቃል፣ ከአቅም በላይ ጫና ካልሆነበት በቀር። አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ የከሰሰ ሰው የማስረዳት ሸክሙ በተከሳሹ ላይ እንዲሆንም ያደርጋል። ኢትዮጵያ በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ ማመቻቸትን መከልከል ራሱን እንደ አድልዎ ይቆጥረዋል። የእኔ ዓይነት አስም በዚህ አዋጅ ውስጥ ይገባል አይገባም ብሎ አንድ ዳኛ ሊከራከር ይችላል። ክስ መመሥረት ግን አላስፈለገንም። ሁለቱን አዋጆችና የቦርዱን ውሳኔ የጠቀሰ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ ጠረጴዛዬ በመንገድ በኩል ወዳለው ክፍል ሄደ። ሦስቱ አማራጮች ውስጥ የመጀመሪያው፣ ሳንቲም የማያስወጣው።

አዲሱ ክፍል ገነት አልነበረም። መስኮቱ ሥር የሚያጨሱ ነበሩ። ለዚህ እንኳን ሕግ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታ ውስጥ፣ ከበርና ከመስኮትም 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስን ይከለክላል። ሕጉን ሳልጠቅስ፣ ልጆቹን ቡና ጋብዤ ነገርኳቸው፤ ወደ በሩ ማዶ ሄዱ። የጽዳት ሠራተኛዋ በረኪና ከመጸዳጃ ማጽጃ አሲድ ጋር ታደባልቅ ነበር፤ ያ ለማንም ሰው መርዝ ነው፣ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው። እሷም ስታስል ነበርና ቶሎ ተግባባን። ደረቅ መጥረጉ ቀርቶ በእርጥብ ጨርቅ ሆነ። የወባና የትንኝ ርጭት ሲኖር ቀድሞ ይነገረኛል፣ የዚያን ቀን ቤቴ ሆኜ ፔሮል እሠራለሁ። ድሬ ወባም ደንጌም ያለባት ከተማ ናት፤ ርጭቱ ይቅር ማለት አልችልም፣ አልፈልግምም።

ከመሥሪያ ቤቱ ይልቅ የከበደኝ ሰፈሬ ነው፣ እውነቴን ነው። ለኤች አር ደብዳቤ ይጻፋል፤ ቡና ጠርታህ ዕጣን ለምታጨስ ጎረቤት ምን ይጻፋል? በእኛ ግቢ በአንድ በኩል ዕጣን፣ በአንድ በኩል ኡንሲ (እሱም የሚጨስ ሽቶ) ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ይታጠናል። መጀመሪያ ሰበብ እየፈለግሁ ቀረሁ። «ኮራች» ተባለ። አንዷ እንዲያውም ዕጣን የሚሸሽ ሰይጣን ነው ብላ ቀልዳብኛለች፣ ቀልድ ከሆነ። የሠራልኝ ቃል ይሄ ነው፦ «አስም አለብኝ፣ ሐኪም ጭስ ከልክሎኛል።» «ሽታው ያመኛል» ስትሉ ቤታቸውን የሰደባችሁ ይመስላቸዋል፤ አስም ስትሉ ሁሉም አስም ያለባት አክስት አለችው። አሁን ጎረቤታችን እትዬ ራሳቸው ከበሩ አጠገብ ንፋስ ወዳለበት ያስቀምጡኛል፣ ዕጣኑን የሚጨምሩት አቦሉን ጠጥቼ ስወጣ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ሆኜ አስቀድሳለሁ። ከሰል ውጭ ተቀጣጥሎ ካልቀላ ወደ ቤት አይገባም፤ ከቀላም በኋላ በር ተዘግቶ አይቀመጥም፣ ያ ሽታ የሌለው ጋዙ ጤነኛውንም ይገድላል።

ቀነ ገደቦቹን ሳልጽፍ እንዳልረሳ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በ1156 መሠረት ከሥራ ተሰናብቶ ልመለስ የሚል ሰው 3 ወር አለው። የደመወዝና የመሳሰሉ ክፍያዎች ጥያቄ 6 ወር። ሌላው በአብዛኛው አንድ ዓመት። «ቆይ እናየዋለን» የሚለው የቃል ተስፋ ጊዜውን አያስቆመውም፤ ለሚመለከተው አካል ማመልከት ወይም አሠሪው መብታችሁን በጽሑፍ ማመኑ ነው የሚያቋርጠው። ሽምግልናው ጥሩ ነው፣ ይሁን፤ ግን እየተሸማገላችሁ ማመልከቻው ይግባ።

እኔ አሁን የቀረኝ የመድኃኒት ወጪዬ ነው። በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ስለሆነ ይተካልኝ ብዬ አመልክቻለሁ፤ እነሱ ደግሞ ደረሰኝ በደረሰኝ ይታይ አሉ። የፋርማሲዎቹ የማሽን ደረሰኝ በድሬ ሙቀት ፊደሉ ይጠፋል፤ ቦርሳ ውስጥ ያቆየኋቸው ግማሾቹ ባዶ ወረቀት ሆነዋል። ፋርማሲዎቹን እየዞርኩ ቅጂ እንዲያወጡልኝ እየለመንኩ ነው፤ አንዳንዱ ያወጣል፣ አንዳንዱ ያኮርፋል። ስለዚህ ደረሰኝ እንደተቀበላችሁ እዚያው ቆማችሁ ፎቶ አንሱት፣ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት፣ ከዚያ ኮፒ አድርጋችሁ ከሐኪሙ ማዘዣ ጋር አያይዙት።